ከጦሳ ሥር ወደ ውቅያኖስ ዳር፦ የትኛው ባሕር፣ የትኛው የሰርፍ ካምፕ?

ሰርፍ ካምፕ ለመሄድ ያሰበ የደሴ ወይም የኮምቦልቻ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ዋጋ ነው። የአንድ ሳምንቱ ክፍያ በዩሮ ወይም በዶላር ተጽፎ ያገኘዋል፤ ወደ ብር ይመነዝረዋል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ጨዋታ ሁሉ ስለ ገንዘብ ይሆናል። እኔ በዚህ ቅደም ተከተል አልስማማም። ለጀማሪ የማይሆን ባሕር ዳር የተሠራ ካምፕ የቱንም ያህል ቢረክስ ውድ ነው። ስለዚህ ይህ መመሪያ ከባሕሩ ይነሳል፤ ከዚያ ወደ ወሩ፣ ቀጥሎ ወደ ማረፊያው፣ በመጨረሻ ወደ ኪስ ይሄዳል።

ለማያውቀው አንባቢ፣ ሰርፊንግ ማለት ሰሌዳ ላይ ቆሞ በሚመጣ ሞገድ ፊት ወደ ዳር መንሸራተት ነው። ከቶኪዮ ጀምሮ የኦሊምፒክ ስፖርት ሆኗል። በ2024 ፓሪስ ኦሊምፒኩን ስታዘጋጅ የሰርፊንጉ ውድድር የተካሄደው በፓስፊክ ውቅያኖስ ውስጥ በምትገኘው በታሂቲ ደሴት ነበር። ፈረንሳይ በአትላንቲክ በኩል የታወቁ የሰርፍ ዳርቻዎች አሏት፤ ነገር ግን በዚያ ወቅት አስተማማኝ ሞገድ ያለው ታሂቲ ነው። አዘጋጆቹ እንኳ ባሕሩን አስቀድመው ነው ሆቴሉን ያሰቡት።

ሰርፍ ካምፕ የሚባለው በአብዛኛው ድንኳን ሳይሆን ከባሕሩ አጠገብ ያለ የእንግዳ ቤት ነው። አልጋ፣ ቁርስና እራት፣ ሰሌዳ፣ አስተማሪ እና ወደ ዳርቻው የሚያመላልስ መኪና በአንድ ዋጋ ይሸጣል። እንግዳው ብዙውን ጊዜ ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ ይቆያል።

«አሰብ ቅርባችን አይደል?»

ኮምቦልቻ ላይ ስለ ባሕር ወሬ ከተነሳ ይህ ጥያቄ አይቀርም። በባቲና በሚሌ አድርገው አሰብ ይመላለሱ የነበሩ ሾፌሮች ዛሬም ስለ ወደቡ ሙቀት ያወራሉ፤ ልጆቻቸው ደግሞ የጅቡቲን መንገድ እንደ ቤታቸው ደጅ ያውቁታል። ታዲያ ባሕሩ እዚህ እያለ ስሪላንካ ድረስ ምን ያስኬዳል?

የሚያስኬደው ሞገዱ ነው። ለሰርፊንግ የሚሆን ሞገድ የሚወለደው ከዳርቻው በሺዎች በሚቆጠር ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ በሚነሳ የባሕር ማዕበል ነው። ነፋሱ ሰፊ ውሃ ላይ ለረጅም ጊዜ ሲነፍስ ውሃው ይነሳል፤ የተነሳው ውሃ በቀናት ጉዞ ውስጥ እየተስተካከለ፣ መስመር እየያዘ ይመጣና ጥልቀቱ ሲቀንስ ይሰበራል። ቀይ ባሕር ጠባብ ነው፤ በደቡብ በኩል ያለው በሩ ባብኤልማንደብም ጠባብ ስለሆነ ከህንድ ውቅያኖስ የሚነሳው ሞገድ ወደ ውስጥ አይዘልቅም። የታጁራ ባሕረ ሰላጤም በየብስ የተከለለ ነው። ነፋስ ሲኖር የተበጣጠሰ አጭር ሞገድ ይነሳል፤ ሰሌዳን ተሸክሞ የሚሄድ ግን አይደለም። ጅቡቲ ለመጥለቅ፣ ከኅዳር እስከ ጥር ደግሞ ሻርክ ቢሆንም ሰው የማይነካውን ግዙፉን ነጠብጣባም ዓሣ ለማየት ድንቅ ቦታ ናት። ለሰርፊንግ ግን አትሆንም፤ ነገሩን እዚህ ላይ መዝጋት ይሻላል።

ከሁሉ በፊት ዋና

ደጋ ላይ አድጎ ዋና የሚችል ሰው ጥቂት ነው። ይህ የሚያሳፍር ነገር አይደለም፤ ተደብቆ ካምፕ የሚገባበት ጉዳይም አይደለም። ደህና ካምፕ ሁሉ በማመልከቻው ላይ ዋና መቻልዎን ይጠይቃል። «ትንሽ ትንሽ» ብሎ መመለስ አስተማሪውን ማታለል ነው።

የመማሪያ ቦታን በተመለከተ ምርጫው ሁለት ይመስላል፤ ሐይቅ ወይም የሆቴል መዋኛ። ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው የሐይቅ ሐይቅ ውብ ነው፤ ግን ጥልቀቱ ከ80 ሜትር ያልፋል፤ ነፍስ አድን ጠባቂም ዳር ላይ ቆሞ አይጠብቅዎትም። የሚያስተምር ሰው ካለ ዙሪያው የታጠረ፣ እግር መሬት የሚነካበት መዋኛ ይመረጣል። ኮምቦልቻ ከደሴ በ25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ብትርቅም ከፍታዋ በብዙ መቶ ሜትር ዝቅ ያለ ነው፤ ውሃ ውስጥ ለመቆየት አየሯ ይሻላል። ደሴ ላይ በታኅሣሥ ጠዋት ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ገብቶ ለመማር የሚደፍር ካለ አደንቀዋለሁ።

ከመሄድዎ በፊት ሦስት ነገር ቢችሉ በቂ ነው፦ ሳያቆሙ 50 ሜትር መዋኘት፣ በጀርባ ተንሳፍፎ መተንፈስ፣ ውሃ ሲሸፍንዎት ሳይደነግጡ ጥቂት ሰከንድ ትንፋሽ ይዞ መቆየት። የጨው ውሃ ከጣፋጭ ውሃ ይልቅ ሰውነትን ወደ ላይ ይገፋል፤ ስለዚህ መዋኛ ውስጥ መንሳፈፍ የቻለ ሰው ባሕር ውስጥ ይቀለዋል። በሞገድ ውስጥ የሚያደክመው ዋናው ሳይሆን ድንጋጤው ነው።

ባሕሮቹ አንድ በአንድ

ለጀማሪ አንድን ዳርቻ ከሌላው የሚለዩት ነገሮች የታችኛው መሬት፣ የውሃው ሙቀትና የሞገዱ ጉልበት ናቸው። ታቹ አሸዋ ከሆነ ሲወድቁ ገላዎን አሸዋ ይነካዋል። ኮራል ወይም ድንጋይ ከሆነ ይቆርጣል፤ በስንጥቁ ውስጥ የሚኖረው እሾሃም የባሕር ፍጥረትም ተረከዝ ውስጥ ይሰበራል። ውሃው ሞቃት ከሆነ በቀን ሁለት ጊዜ ይገባሉ፤ ከቀዘቀዘ አንዱን ጊዜ ሰበብ ፈልገው ያስቀሩታል። የጀማሪ ትምህርት ደግሞ ከሰዓት ብዛት እንጂ ከአስተማሪ ንግግር አይመጣም።

ወሊጋማ፣ ስሪላንካ። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ ሰው የእኔ ምርጫ ይህ ነው፤ ምክንያቱን ላብራራ። ወሊጋማ በደሴቲቱ ደቡብ ጫፍ አካባቢ ያለ፣ የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያለው ሰፊ የባሕር ወሽመጥ ነው። ታቹ አሸዋ ነው፤ ውሃው ከ27 እስከ 29 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሚሞቅ በቲሸርት ይገባል። ሞገዱ ቀስ ብሎ፣ ከሩቅ እየታየ ይመጣል። ጀማሪው ደረቱ ድረስ በሚደርስ ውሃ ውስጥ ሰሌዳው ላይ በሆዱ ይተኛል፤ አስተማሪው ከኋላ የሰሌዳውን ጭራ ይዞ ይጠብቃል። ነጩ አረፋ ሲደርስ ይገፋዋል። ከዚያ በኋላ ያለው ሁለት ሰከንድ የተማሪው ነው፦ መዳፍ ከጎድን አጥንት አጠገብ፣ ክንድ ቀጥ፣ የኋላ እግር ከዚያም የፊት እግር፣ ዓይን ወደ ፊት። ወደ እግሩ ያየ ይወድቃል። ሁሉም ሰው ወደ እግሩ ያያል።

ደቡቡ ዳርቻ ጥሩ የሚሆነው ከኅዳር እስከ ሚያዝያ መጀመሪያ ነው። ከዚያ የክረምት ነፋሱ ይመጣና ባሕሩን ያደፈርሰዋል። ያኔ ተራው የምሥራቁ ዳርቻ ይሆናል፤ አሩጋም ቤይ ከግንቦት እስከ መስከረም ይሠራል። አሩጋም ቤይ ዋናው ሞገድ ላይ ብዙ ልምድ ያለው ሰው ይሰበሰባል፤ ጀማሪዎችን አስተማሪዎች ወደ ጎን ወዳሉ ለስላሳ ቦታዎች ይወስዷቸዋል።

የወሊጋማ ጉድለት ሕዝቡ ነው። በጥርና በየካቲት ባሕሩ ላይ ሰሌዳ ከሰሌዳ ይጋጫል። ከማለዳ በኋላ የሚገባ ሰው ግማሹን ጊዜ ሌላ ሰው ላይ ላለመውጣት ሲጠነቀቅ ያሳልፋል። ሂክካዱዋና ሚሪሳ በቅርብ ያሉ ሌሎች ስሞች ናቸው፤ በእነርሱ ዘንድ ግን ብዙው ሞገድ የሚሰበረው ኮራልና ድንጋይ ላይ ነው። ጀማሪ ወሊጋማ ይቆይ።

ምግቡ ለወሎ ሰው አይከብድም፤ ሩዝና ወጥ ነው፤ በርበሬውም ቀልድ አያውቅም። ከተቦካ የሩዝ ሊጥ የሚጋገረው ሆፐር ደግሞ የእንጀራ የሩቅ ዘመድ ይመስላል።

ታምራትና ታጋዙት፣ ሞሮኮ። ከአጋዲር ከተማ በስተሰሜን በ20 ኪሎ ሜትር ውስጥ ያሉ ሁለት የባሕር ዳር መንደሮች ናቸው። ስማቸው አንድ ላይ ይጠራል፤ ለጀማሪ ግን እኩል አይደሉም። ታጋዙት ዝናዋን ያገኘችው አንከር ፖይንት በተባለው፣ ወደ ባሕር ከወጣ ድንጋያማ የየብስ ጫፍ ተነስቶ ረጅም መንገድ በሚጓዝ ሞገድ ነው፤ እሱ ለጀማሪ አይሆንም። ታምራት ወደ አሸዋማዎቹ ዳርቻዎች ስለምትቀርብ ለመማር እሷ ትሻላለች። ማስታወቂያው «ታጋዙት» እያለ ካምፑ ታምራት ቢሆን አይከፉ፤ እንዲያውም ደስ ይበልዎት።

እዚህ ያለው ጥያቄ ብርዱ ነው። በክረምታቸው ውሃው ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ይሆናል። የደሴ ሰው «እኛ ብርድ ለምደናል» ይላል። የአየር ብርድና የውሃ ብርድ ግን ለየቅል ናቸው፤ ጋቢ ለብሶ ባሕር አይገባም። የሚለበሰው ዌትሱት የተባለው ከአንገት እስከ ቁርጭምጭሚት የሚያጣብቅ የጎማ ልብስ ነው፤ ካምፑ ያከራያል ወይም በዋጋው ውስጥ ያካትታል። ከትናንት ያልደረቀ የጎማ ልብስ በጠዋት መልበስ ራሱን የቻለ ስፖርት ነው። የድሮ ደንበኞች እግራቸውን ስስ ፌስታል ውስጥ ከትተው ነው ወደ ልብሱ የሚያስገቡት፤ ጎማው ላስቲኩ ላይ ይንሸራተታል፤ ከዚያ ፌስታሉን በታች በኩል ስበው ያወጡታል። ይህን ዘዴ የሚያውቅ ጎረቤት ካገኙ ወዳጅ አድርገው ይያዙት።

የሞሮኮ ሞገድ ከሰሜን አትላንቲክ የክረምት ማዕበል ስለሚነሳ ከጥቅምት እስከ መጋቢት ይበረታል። በታኅሣሥና በጥር ጀማሪ የማይገባባቸው ቀናት ይኖራሉ፤ አስተማሪው ወደ ተከለለ ወሽመጥ ይወስዳችኋል ወይም እረፍት ያውጃል። በሐምሌና በነሐሴ ሞገዱ ትንሽ ነው፤ ልምድ ያላቸው ያማርራሉ፤ ለጀማሪ ግን ልክ ነው። ከሁሉም ወር መምረጥ ብችል መስከረም መጨረሻንና ጥቅምትን እመርጣለሁ፤ ውሃው ገና ከበጋው ሙቀት አልወጣም፤ ሞገዱም ገና አልከፋም።

ጅዳ ወይም ሪያድ ሠርቶ ዓረብኛ የለመደ የወሎ ልጅ እዚያ ሲደርስ የሞሮኮው ንግግር ሊያስቸግረው ይችላል፤ ከባሕረ ሰላጤው ዓረብኛ በጣም ይለያል፤ በመንደሮቹም አማዚግኛ ይነገራል። አስተማሪዎቹ እንግሊዝኛና ፈረንሳይኛ ያውቃሉ።

የኬንያ ዳርቻ። የዚህ ምርጫ ውበት ከወረቀት ይጀምራል፤ ለኢትዮጵያ ፓስፖርት ቪዛ አይጠየቅም፤ ከአዲስ አበባ ሞምባሳ ቀጥታ በረራ አለ። ከዚያ በሊኮኒ ጀልባ ተሻግሮ ወደ ዲያኒ ነው። ነጭ አሸዋ፣ ሞቃት ውሃ፣ ብዙ ማረፊያ ቤት። ችግሩ ራሱ ውበቱ ውስጥ አለ፤ ከዳርቻው ፊት ለፊት የተዘረጋው የኮራል አጥር ሞገዱን እዚያው ሰብሮ ያስቀረዋል፤ ወደ ዳር የሚደርሰው ውሃ ለጥ ያለ ነው። ስለዚህ በዲያኒ «ሰርፍ» የሚል ሰሌዳ ሲያዩ አብዛኛውን ጊዜ በነፋስ የሚጎተተውን፣ ትልቅ ጨርቅ ሰማይ ላይ ለቅቀው የሚንሸራተቱበትን የካይት ሰርፊንግ ትምህርት ማለታቸው ነው። እሱም ግሩም ስፖርት ነው፤ ነፋሱ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት፣ እንደገና ከሰኔ እስከ ነሐሴ ይሠራል። ግን ሌላ ስፖርት ነው፤ ትምህርቱም መሣሪያው ስለሚወደድ በሰዓት ሲታሰብ ይከብዳል። እውነተኛ ሞገድ የሚፈልግ ወደ ሰሜን፣ ወደ ማሊንዲ ይሂድ፤ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባለው የደቡብ ነፋስ ወቅት ሞገድ ይገባል። የሳባኪ ወንዝ ባመጣው አፈር ውሃው ቡናማ ሲሆን ለማየት እንደ ፖስታ ካርዱ አይደለም።

እኔ ኬንያን የምመክረው ዋና ለተማረ ግን ባሕር አይቶ ለማያውቅ ሰው ነው። ጨው ውሃን፣ ጅረትን፣ የባሕር መሙላትና መጉደልን በዝቅተኛ ወጪ ይለማመድ፤ ቀጣዩ ዓመት ወሊጋማ ነው።

ኬፕ ታውን፣ ደቡብ አፍሪካ። ሙዘንበርግ የተባለው ዳርቻ ለጀማሪ እጅግ ተስማሚ ነው፤ ሞገዱ ረጅምና ለስላሳ፣ ታቹ አሸዋ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድም ኬፕ ታውን ይደርሳል። የቪዛው ወረቀት ግን ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ውሃው በበጋቸው እንኳ ያለ ጎማ ልብስ አይገባም። ስለ ሻርክ ለሚጠይቅ፦ ከፈረንጆቹ 2004 ጀምሮ ከዳርቻው በላይ ተራራው ላይ ተቀምጠው ባሕሩን የሚቃኙ ጠባቂዎች አሉ። አረንጓዴ ባንዲራ ውሃው ጥርት ብሎ ይታያል፣ ሻርክም አልታየም ማለት ነው፤ ጥቁሩ ውሃው አይታይም ማለት ነው፤ ቀዩ በቅርቡ ታይቷል ማለት ነው። ሻርክ የተሳለበት ነጭ ባንዲራ ከወጣና ደወል ከተሰማ ሁሉም ወዲያው ይወጣል። አውስትራሊያዊው ሻምፒዮን ሚክ ፋኒንግ በፈረንጆቹ 2015 በቀጥታ ስርጭት ከሻርክ ጋር የታገለው በዚችው አገር፣ ከኬፕ ታውን ርቃ በምትገኘው ጄፍሪስ ቤይ ነው፤ ቁስል ሳይደርስበት ወጣ። ለጀማሪ ከሻርክ ይልቅ የሚያሰጋው የራሱ ሰሌዳ ነው፤ አፍንጫና ጥርስ የሚሰብረው እሱ ነው።

ዳካር፣ ሴኔጋል። ከአፍሪካ ዋና ምድር ወደ ምዕራብ በጣም የወጣው ጫፍ እዚህ ስለሆነ ከሰሜንም ከደቡብም የሚመጣውን ሞገድ ይቀበላል። ዓመቱን ሙሉ አንዱ ወገን ይሠራል። ነገር ግን ታዋቂዎቹ ቦታዎች ድንጋያማ ናቸው፤ እሾሃሞቹ የባሕር ፍጥረቶችም ብዙ ናቸው። ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ጉዞ ላይ ይታሰብ።

ባሊ፣ ኢንዶኔዥያ። ስሙ ከሁሉም ይበልጣል። ኩታ ዳርቻ አሸዋማ ስለሆነ ለጀማሪ ይሆናል፤ ኡሉዋቱ በኮራል ላይ የሚሰበር፣ ለባለሙያ ብቻ የሆነ ሞገድ ነው። ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት ጥሩ ጊዜው ነው። በጉዞው ርዝመትና በበረራው ዋጋ ሳሰላው ስሪላንካ የማትሰጠውን ለጀማሪ የሚሰጥ ነገር አላገኘሁበትም። ፖርቱጋልና ስፔን ግሩም ናቸው፤ የሸንገን ቪዛ ያለው ይሂድ።

ወሩን ማን ይመርጣል?

ብዙዎቻችን እረፍት የምናገኘው በክረምት ነው። አስተማሪ ወይም ተማሪ ከሆኑ ሐምሌና ነሐሴ ብቻ ይቀርዎታል፤ ያን ጊዜ ወሊጋማ ዝግ ነው ማለት ይቻላል። ምርጫው አሩጋም ቤይ፣ የሞሮኮ ትንሽ ሞገድ ወይም ማሊንዲ ይሆናል። ነጋዴ ከሆኑና ከገና በኋላ ገበያው ሲቀዘቅዝ መውጣት ከቻሉ ወሊጋማ ሙሉ ለሙሉ ክፍት ነው።

ጾምንም ይቁጠሩ። በ2026 እና በ2027 ረመዳን የዋለው ወይም የሚውለው በፈረንጆቹ የካቲት አካባቢ ነው፤ ይህ በሞሮኮ የሰርፍ ወቅት መሃል ነው። ካምፖቹ ለእንግዳ ቁርስ ያቀርባሉ፤ መንደሩ ግን ቀን ቀን ጸጥ ይላል። ጾሞ ሰርፍ የሚያደርግ ሰው ከአፍጥር በፊት ባለው የመጨረሻ ሰዓት ቢገባ ይሻለዋል፤ ጨው ውሃ ውስጥ ቆይቶ ቀኑን ሙሉ ውሃ አለመጠጣት ቀላል አይደለም። ዐቢይ ጾም የያዘ ክርስቲያን ደግሞ የምግብ ምርጫ የሚለው ቦታ ላይ «ቪጋን» የሚለውን ይምረጥ፤ ዓሣ፣ እንቁላልና ወተት የሌለበት ምግብ ያለ ብዙ ማብራሪያ ይመጣለታል። ሐላል ምግብ ሞሮኮና ሴኔጋል ውስጥ ጥያቄ አይደለም፤ በኬንያ ዳርቻና በኬፕ ታውንም ብዙ የሙስሊም ማኅበረሰብ ስላለ በቀላሉ ይገኛል። ስሪላንካና ባሊ ላይ አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ማረፊያው፦ ሙሉ ካምፕ ወይስ ክፍል ተከራይቶ ትምህርቱን ለብቻ?

ሙሉ ካምፕ ለመጀመሪያ ጉዞ ይሻላል የምለው ለምቾቱ ብዬ አይደለም። ባሕሩን የሚያነብልዎት ሰው ይኖራል። ዛሬ ነፋሱ ከየት ነው፣ ባሕሩ መቼ ይሞላል፣ የትኛው ዳርቻ ይከለላል የሚለውን ማታ ተነጋግረው ጠዋት ወደ ትክክለኛው ቦታ በመኪና ይወስድዎታል። ብቻውን ክፍል የተከራየ ጀማሪ ግን ከደጁ ያለውን ዳርቻ ነው የሚያውቀው፤ ያ ዳርቻ በዚያ ቀን መጥፎ ከሆነ ቀኑ ሄደ። የካምፑ ጉድለት ደግሞ ፕሮግራሙ ነው፤ ቢደክሙም ባይደክሙም መኪናው በሰዓቱ ይነሳል፤ ማታም ከሃያ ሰው ጋር መብላት ሁሉንም አያስደስትም። ከአንድ ሳምንት በላይ የሚቆይ ሰው የመጀመሪያውን ሳምንት ካምፕ፣ ቀሪውን በተከራየው ክፍል ሆኖ ትምህርቱን በየቀኑ ቢገዛ ወጪው ይቀንሳል።

የጋራ ክፍል እና የግል ክፍል የዋጋ ልዩነታቸው ሰፊ ነው። ከስድስት ሰው ጋር ማደር የሚያስቸግረው በእንቅልፉ ሳይሆን በእርጥብ ልብሱ ነው፤ ክፍሉ ውስጥ ከማይደርቅ ነገር ጋር ይኖራሉ። ብቻዋን የምትሄድ ሴት ብዙ ካምፖች የሴቶች ብቻ የሆነ የጋራ ክፍል እንዳላቸው ትወቅ፤ ስትይዝ በጽሑፍ ታረጋግጥ። ልብስ ለሚያሳስባት፣ የሞሮኮ ቅዝቃዜ ለአንድ ጊዜ ውለታ ይሠራል፤ ወንድም ሴትም ከአንገት እስከ እግር ተሸፍኖ ነው የሚገባው። ስሪላንካ ላይ ረጅም እጅጌ ያለው የዋና ልብስና ከላዩ ወይም ከሥሩ የሚለበስ ረጅም ሱሪ በቂ ነው፤ ከፀሐይና ከሰሌዳው ፍትጊያም ይጠብቃል። ሹሩባ ከመሄድ በፊት ጠበቅ ተደርጎ ቢሠራ ፀጉሩ ከጨውና ከአሸዋ ይተርፋል። ጥቁር ቆዳ በፀሐይ አይቃጠልም የሚለውን ተረት እዚሁ ይተዉት፤ አፍንጫና ጉንጭ ላይ ወፍራም የፀሐይ ቅባት ይቀቡ።

ከመክፈል በፊት የሚጠየቁ

አንድ ካምፕ ምስሉ ላይ አንድ አስተማሪና ሁለት ተማሪ አሳይቶኝ ነበር፤ ስደርስ ለአንድ አስተማሪ አሥራ ሁለት ሆነን ተሰለፍን። ስለዚህ የመጀመሪያ ጥያቄዬ ሁልጊዜ ይህ ነው፦ ውሃ ውስጥ ለአንድ አስተማሪ ስንት ተማሪ? ስድስት ይበቃል፤ ከስምንት በላይ ከሆነ ሌላ ይፈልጉ። አስተማሪዎቹ ዓለም አቀፉ የሰርፊንግ ማኅበር የሚሰጠው የምስክር ወረቀትና የነፍስ አድን ሥልጠና አላቸው ወይ ብለው ይጠይቁ። ለጀማሪ ላዩ ስፖንጅ የሆነ፣ ስምንት ወይም ዘጠኝ ጫማ ርዝመት ያለው ሰሌዳ መኖሩን ይጠይቁ፤ አጭርና ጠንካራ ሰሌዳ የሚሰጥ ካምፕ ያለውን ነው የሚያድለው። በሳምንት ስንት ቀን ትምህርት እንዳለ፣ በትምህርት መሃል ሰሌዳውን በነጻ መጠቀም ይቻል እንደሆነ፣ ሞገዱ ከፍቶ ትምህርት ቢቀር ምን እንደሚተካ ይወቁ።

አንድ ጥያቄ ደግሞ ለፈተና ይሁን፦ «ወደ ውስጥ ስለሚጎትተው ጅረት በመጀመሪያው ቀን ታስተምራላችሁ?» ከሁለት የሚሰበሩ ሞገዶች መሃል ጸጥ ያለች፣ ለመግባት የምታስጎመጅ መስመር ትኖራለች። ዳር ላይ የተከማቸው ውሃ ወደ ባሕር የሚመለሰው በእርሷ ነው፤ እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ የሚባለው ይህ ነው። መፍትሔው ወደ ዳር ፊት ለፊት አለመታገል፣ ሰሌዳን አለመልቀቅ፣ ከዳርቻው ጋር ጎን ለጎን ቀዝፎ ከመስመሩ መውጣት፣ ካልተቻለም እጅ አንስቶ መጠበቅ ነው። ይህን በመጀመሪያው ቀን የማያስተምር ካምፕ ቁርሱ ቢጣፍጥም አይሁንብዎት።

የክፍያው ነገር ከእኛ አገር ሲሆን የራሱ መልክ አለው። ካምፖች ቅድሚያ ክፍያ በኢንተርኔት በካርድ ይጠይቃሉ። ውጭ አገር ዘመድ ያለው በእርሱ በኩል ይክፈል፤ የሌለው ካምፑ ሲደርስ በጥሬ ገንዘብ መክፈል ይችል እንደሆነ በኢሜይል ይጠይቅ፤ ብዙዎቹ ሲለመኑ ይስማማሉ። ቪዛ በሚያስፈልግበት አገር ደግሞ ካምፑ ስምዎንና የሚቆዩበትን ቀን የያዘ የማረጋገጫ ደብዳቤ እንዲልክ ያድርጉ፤ ከሥራ ቦታ ደብዳቤና ከባንክ መግለጫ ጋር አብሮ ይገባል። ቪዛው ከመውጣቱ በፊት የማይመለስ ገንዘብ አይክፈሉ። ባንክ የውጭ ምንዛሪ ሲሸጥ ፓስፖርት፣ ቪዛና የአውሮፕላን ትኬት ስለሚያይ ሰነዶቹን አንድ ላይ ይያዙ። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ከሞሮኮ በስተቀር እዚህ በተጠቀሱት የአፍሪካና የእስያ አገሮች ከኢትዮጵያ የመጣ መንገደኛ ይጠየቃል፤ ክትባቱ ከጉዞው ቢያንስ አሥር ቀን ቀድሞ መወሰድ አለበት።

ሂሳቡን ሲያወዳድሩ የአዳሩን ዋጋ ሳይሆን ጠቅላላውን ውሃ ውስጥ በሚያሳልፉት ሰዓት ያካፍሉት፦ ትኬት፣ ቪዛ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያ እስከ ካምፕ ያለው መኪና፣ የጎማ ልብስ ኪራይ፣ ምሳ። ምሳ ብዙ ጊዜ በዋጋው ውስጥ የለም። ከኮምቦልቻ አዲስ አበባ ያለውን በረራም ይጨምሩበት፤ ዓለም አቀፉ በረራ ማታ የሚነሳ ከሆነ የአገር ውስጡን በዋዜማው ሳይሆን በዚያው ቀን ጠዋት ይያዙት፤ ቢዘገይ የሚተካበት ሰዓት ይኖራል፤ የአዲስ አበባ አዳርም ይቀራል። ሰሌዳ ገዝቶ ይዞ መሄድ አያስፈልግም። ከመነሳት በፊት ባሉት ሳምንታት ግን ጠዋት ጠዋት ሳሎን ውስጥ ስጋጃው ላይ በሆድ ተኝቶ በአንድ ጊዜ ተነስቶ መቆምን መለማመድ ነው፤ ቤተሰብ ይስቃል፤ ትከሻና ወገብ ግን ያመሰግናል።